ባዶ ጋን ተሸክሞ ወደ ቃና

ጉባኤ የሚለው ቃል በሁለት ወገን ሰዎች አፍ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ሆኗል። ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ያደገ ተማሪ «ጉባኤ» ሲል ትምህርት ማለቱ ነው። ጉባኤ ተዘረጋ፥ ጉባኤ ታጠፈ፥ መምህር እገሌ ጉባኤ ተከሉ ይላል። በዚያ ጉባኤ መጽሐፍ ይነበባል፤ ትርጓሜ ይወርዳል፤ የተማሪው ስሕተት ይታረማል፤ ተማሪውም ጧት ያልነበረውን ነገር ማታ ይዞ ይነሣል። በዛሬው ከተማ ግን ጉባኤ ሲባል የሚታሰበው አዳራሽ፥ መድረክ፥ የድምፅ ማጉያ፥ የክብር ወንበር፥ የምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ነገሩ እንዲህ መለያየቱ በሌላ ስብሰባ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ክርስቲያናዊ መጻሕፍትን የሚጽፉ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ጊዜ ግን ልዩነቱ ጉዳት ያመጣል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በጸሐፊው ላይ ብቻ ሳይሆን፥ የታተመውን ሁሉ አምኖ በሚያነበው ምእመን ላይ ነው።

የመንፈሳውያን ጸሐፍት ስብሰባ ሊደረግ ነው የተባለ እንደ ሆነ፥ በዛሬው ልማድ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከልብስ ነው። ነጠላው ይታጠባል፤ ካባው ይተኰሳል፤ ማን በየትኛው ወንበር እንዲቀመጥ፥ ማን ማንን ቀድሞ እንዲናገር ብዙ ይመከራል። ተጋባዡም በበኩሉ ከአሳታሚ ጋር የሚገናኝበትን ሰዓት ያስባል፤ ከታወቀ ሰው አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ቦታ ያስባል፤ ለመጽሐፉ መቅድም የሚጽፍለትን ሊቅ ያስባል። መጽሐፉ ግን ገና አልተጻፈም፤ ወይም ተጽፎ አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ አልተነበበም። ጉባኤው ተፈጽሞ ሰው ሲበተን የተገኘው ፍሬ ምንድር ነው ቢሉ፥ የምስጋና ቃል ነው። የመጣውም ጽሑፍ እንደ መጣ ይመለሳል፤ ስሕተቱ ከነስሕተቱ፥ ድካሙ ከነድካሙ።

ለምሳሌ ከሩቅ አገር አንድ ዲያቆን መጣ ይባል። የአጥቢያውን ሽማግሌዎች ታሪክ ሦስት ዓመት ሙሉ በማታ መብራት ሲጽፍ ቆይቶ፥ ለመንገዱ አንድ በግ ሸጦ፥ ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ ይባል። በጉባኤው ንግግር ሰማ፤ አጨበጨበ፤ ምሳ በላ፤ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተሰጠው። ደብተሩን ግን የገለጠለት ሰው የለም። እርሱም ግለጡልኝ ለማለት አፈረ። ወደ አገሩ ሲመለስ ጨርቁ ሳይፈታ ተመለሰ። ይህ ዲያቆን ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ተስፋ ቆርጦ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል፤ ወይም የተሰጠውን ወረቀት እንደ ማዕርግ ቈጥሮ ያልታረመውን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ይወስደዋል። በመጀመሪያው መንገድ አገር የሽማግሌዎቿን ታሪክ ታጣለች፤ በሁለተኛው መንገድ አንባቢ ስሕተቱን እንደ እውነት ይማራል። በሁለቱም ዘንድ ተጠያቂው ዲያቆኑ ብቻ አይደለም።

ከቅኔ ሁሉ የምታንሰው፥ ተማሪ ሁሉ የሚጀምርባት፥ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ቅኔ ጉባኤ ቃና ትባላለች። ስሟም በገሊላ ቃና የተደረገውን ሰርግ ያስታውሳል። በዚያ ሰርግ የሆነውን ነገር ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ውሃው ወይን መሆኑን ብቻ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከዚያ በፊት የጻፈው ነገር አለ፤ ይኸውም ስድስት የድንጋይ ጋኖች እንደ ነበሩ፥ አገልጋዮችም ታዝዘው እስከ አፋቸው ድረስ ውሃ እንደ ሞሉአቸው ነው። ጌታ ወይኑን ከባዶ ጋን ማውጣት ተስኖት ነውን? አይደለም። ሰው የሚችለውን ሰው እንዲሠራ፥ ሰው የማይችለውን ደግሞ እርሱ እንዲፈጽም ስለ ወደደ ነው። ውሃ መቅዳት የሰው ፈንታ ነው፤ ወይን ማድረግ የአምላክ ፈንታ ነው። እንግዲህ ወደ ጸሐፍት ጉባኤ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ባዶ ጋን ተሸክሞ ወደ ቃና እንደሚሄድ ነው። የሚለወጥ ነገር ሳያመጣ ለውጥን ይጠብቃል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ መልስ አለ። «ለመንፈሳዊ ጸሐፊ ዝግጅት ምን ያደርግለታል? የሚጽፈውን መንፈስ ቅዱስ ይገልጥለታል፤ ጌታም ለሐዋርያት ስለምትናገሩት አትጨነቁ ብሏቸዋል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ትሕትና የለበሰ ስንፍና ነው። ጌታ ያን ቃል የተናገረው ለእነማን ነው ቢሉ፥ ስለ ስሙ ተይዘው ወደ ሸንጎና ወደ ነገሥታት ፊት ለሚጐተቱ ሰዎች ነው። የተያዘ ሰው የሚዘጋጅበት ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ የሚናገረው ይሰጠዋል። ከጥሪው ደብዳቤ እስከ ጉባኤው ቀን ብዙ ወር ተሰጥቶት በቤቱ የተቀመጠ ጸሐፊ ግን ማን ያዘው? ማንስ ጐተተው? ለሰማዕታት የተሰጠውን ተስፋ ለሰነፎች መሸፈኛ ማድረግ በሰማዕታት ደም መቀለድ ነው።

መጻሕፍትን ያስጻፈው መንፈስ ቅዱስ እንደ ሆነ የሚያምን ሰው፥ ጸሐፍቱ እንዴት እንደ ጻፉ ደግሞ ይመልከት። ወንጌላዊው ሉቃስ ነገሩን ሁሉ ከመነሻው ጀምሮ በጥንቃቄ መርምሮ፥ ከዚያ በኋላ በተራ እንደ ጻፈ ራሱ በመግቢያው መስክሯል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ታስሮ የሞቱ ጊዜ እንደ ቀረበ እያወቀ፥ ጢሞቴዎስ ሲመጣ በጢሮአዳ የተወውን ካባ፥ መጻሕፍቱንም፥ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት አዘዘ። እስከ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀው ሐዋርያ፥ ሞት በደጁ ቆሞ ሳለ መጽሐፍ ፈለገ። ነቢዩ ኤርምያስ የተናገረውን ባሮክ በጥቅልል ጻፈ፤ ንጉሡ ኢዮአቄም ግን በክረምት ቤቱ እሳት እየሞቀ፥ ጥቅልሉ በተነበበ ቍጥር እየቀደደ ከእሳቱ ጣለው። ኤርምያስና ባሮክ ምን አደረጉ? ዐዲስ ጥቅልል ወስደው የተቃጠለውን ሁሉ እንደ ገና ጻፉ፤ ብዙም ቃል ጨመሩበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በለጠ ማለት ነው። ዛሬ ግን ከጽሑፉ አንድ ገጽ ቢነቀፍበት ቀኑን ሙሉ ፊቱን የሚያጠቍር፥ ወዳጅነትም የሚያቋርጥ ጸሐፊ አለ።

የቅዱስ ያሬድን ትል ታሪክ የማይጠቅስ የጸሐፍት ስብሰባ የለም ማለት ይቻላል። ትምህርት እንቢ ያለው ሕፃን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ ፍሬ ለመብላት እየወጣ ደጋግሞ የሚወድቀውን፥ በመጨረሻ ግን የደረሰውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ ወደ ጌዴዎን ተመለሰ ተብሎ ይነገራል። ጉባኤተኛውም ሰምቶ ያደንቃል። የሚያሳዝነው ትሉን የሚያደንቅ ብዙ ሆኖ፥ እንደ ትሉ የሚወጣ ጥቂት መሆኑ ነው። ያሬድ በትሉ ላይ ንግግር አላደረገም፤ ተነሥቶ ወደ ትምህርቱ ሄደ እንጂ።

የአገሪቱ የቅኔ ቤት ደራሲን እንዴት እንደሚያሳድግ ያወቀ ሰው የዛሬውን ዝግጅት ቢነቅፍ አይፈረድበትም። በጎንጅም ቢሆን፥ በዋሸራም ቢሆን፥ በዋድላም ቢሆን የቅኔው ጠባይ ይለያይ እንጂ ሥርዐቱ አንድ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ግሥ ያወርዳል፤ እርባ ቅምርና አገባብ ያጠናል። ከዚያ በኋላ ቈጠራ ይወጣል፤ ይኸውም ለብቻው ከዛፍ ጥላ ወይም ከግንብ ሥር ተቀምጦ፥ ደበሎውን ተከናንቦ፥ ሰሙንና ወርቁን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ሲበቃውም ወደ መምህሩ ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። መምህሩም አገባቡ ፈርሷል፥ ቤቱ አልመታም፥ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም፥ ምሥጢሩ ደክሟል እያሉ ያቃኑለታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጓደኞቹ ፊት ነው። በመጨረሻ መምህሩ ራሳቸው ዐዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው የራሱን ደካማ ቅኔ ከመምህሩ ቅኔ ጋር አስተያይቶ፥ የቀረውን መንገድ ርዝመት ለክቶ ያድራል። በማግሥቱ እንደ ገና ወደ ቈጠራ ይወጣል።

እንግዲህ ልብ ይባል። ይህ የጸሐፍት ጉባኤ አይደለምን? ነው እንጂ፤ ያውም በየቀኑ የሚደረግ። ነገር ግን በዚህ ጉባኤ ቅኔ ሳይቈጥር የመጣ ተማሪ የሚታረምለት ነገር የለውም። መምህሩ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆኑ ያልመጣውን ቅኔ ማቃናት አይችሉም። ደግሞም ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፥ ሦስት ቤት ዘአምላኪየን አልፎ፥ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል እንጂ፥ ገና በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ ካልዘረፍሁ የሚል የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ደግሞ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ አለመቀኘት ነው። ቅኔ ለዕለቱ የሚቀርብ መሥዋዕት ስለ ሆነ ያደረ አይቀርብም። አንዲቱን ግጥም በዐሥር ስብሰባ እያነበበ ዐሥር ጊዜ የሚጨበጨብለት ጸሐፊ ወደዚያ ቤት ቢገባ የመጀመሪያው ቀን ክብሩ በሁለተኛው ቀን ባለቀ ነበር።

የቁም ጸሐፊውም ሥራ ይህንኑ ያስተምራል። ብራና የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያዋን ፊደል ከመጣሉ በፊት ቆዳውን ይነክራል፤ ይወጥራል፤ ይፍቃል፤ ያደርቃል። ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፤ ጥቍሩን ቀለም ይበጠብጣል፤ ለቅዱሳን ስም የሚሆነውን ቀይ ቀለም ለብቻው ያዘጋጃል፤ መሥመሩን በወስፌ ይጭራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና አንድ ቃል አልተጻፈም። ዛሬ ጽሑፍ በእጅ ስልክ ላይ ተጽፎ በዚያው ሰዓት ለብዙ ሺሕ ሰው ይደርሳል፤ ይህ ለወንጌል መልካም በር ነው። ነገር ግን በሩ የሰፋውን ያህል ጥንቃቄው ካልሰፋ ስሕተቱም በዚያው በር ይወጣል። በብራና ላይ የተሳተ ቃል ይፋቅ ነበር፤ ከሺሕ ሰው እጅ የገባውን ስሕተት ግን ማን ይፍቀዋል?

«ዋናው ምሥጢሩ ነው፤ ቋንቋና ፊደል ሥጋዊ ነገር ነው» የሚሉ ሌሎች ደግሞ አሉ። ምሥጢር ያለ ቃል የሚደርሰው ለመላእክት ነው፤ የሰው ልጅ ግን በቃል ይማራል። በግዕዝ ሠረቀ ያለ እንደ ሆነ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ ሰረቀ ያለ እንደ ሆነ ግን ሌባ ወሰደ ማለት ነው። መሐረ ማለት ይቅር አለ፥ መሀረ ማለት አስተማረ ነው። ዓመት የዘመን ስም ሲሆን፥ አመት ሴት ባሪያ ናት። «አመተ ምሕረት» ብሎ የሚያሳትም መንፈሳዊ ጸሐፊ፥ ዘመን ጻፍሁ ሲል የምሕረትን ገረድ ጽፏል። ይህን ሲሰሙ የሚሥቁ ቢኖሩ፥ በሃይማኖት ነገር አንዲት ቃል ተሳስታ ስንት ጉባኤ እንዳስጠራች፥ ስንት ሊቃውንትን እንዳሰደደች የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ያንብቡ። ምሥጢሩን የሚያከብር ሰው ምሥጢሩ የሚቀመጥበትን ዕቃ ያጥባል።

በዚህ ነገር የአባ ተስፋ ጽዮን ምሳሌ ይጠቅማል። እኒህ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሮም ሆነው፥ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1548 እና በ1549 ዓመት አሳትመዋል። የማተሚያው ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አያውቁም፤ መነኰሳቱም የማተምን ሥራ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች እንደ ሁለት ዕውሮች እየተደጋገፉ እንደ ሠሩ ገልጸው፥ በመጽሐፉ ውስጥ ለሚገኘው ጕድለት አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ። በባዕድ አገር፥ በባዕድ እጅ፥ ያን የሚያህል ሥራ የፈጸሙ ሰዎች ስለ ጥቂት የፊደል ስሕተት አንባቢን ካከበሩ፥ በአገሩ ተቀምጦ፥ በቋንቋው እየጻፈ፥ አራሚ በጐረቤቱ እያለ የማያሳርም ሰው ምን ምክንያት ይሰጣል?

ደራሲ በአንድ ጉባኤ አያድግም፤ በአንድ መጽሐፍም አያድግም። አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሰው ዕድሜም አይፈጸምም። የግዕዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። እርሳቸው ሳይፈጽሙት ቢያልፉ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተረክበው፥ በኢየሩሳሌምም በአገራቸውም ብዙ ዘመን ደከሙበት። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳትመው ለአገር አበረከቱት፤ የራሳቸውን የዐማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። ሦስት ሊቃውንት፥ አንድ መጽሐፍ። ከእነርሱ አንዱ ስሜ ቶሎ ይታይ ብሎ ቢቸኵል ኖሮ፥ ዛሬ ስለ ግዕዝ ቃል የሚከራከሩ ሁሉ የሚዳኙበት መጽሐፍ ባልተገኘ ነበር። ከቅኔ ቤት የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ታላቅ ልብ ወለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። በ20 ዓመቱ አልታወቅሁም ብሎ የሚያለቅስ ጸሐፊ ይህን ቢያስብ ዕንባው በደረቀ።

ደግሞ «ያ ዘመን አለፈ፤ የዛሬ ጸሐፊ ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ ዐሥር ዓመት የሚማርበት ጊዜ የለውም፤ ሥራ አለው፥ ልጆች አሉት» ይባላል። እውነት ነው። ደበሎ ይልበስ ያለው ግን ማንም የለም። የሚጠየቀው የጻፈውን አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ነው። የሚጠየቀው ለአንድ ዐዋቂ እንዲያሳይ ነው። ይህ የዐሥር ዓመት ሥራ አይደለም፤ የጥቂት ማታ ሥራ ነው። ችግርን ምክንያት የሚያደርግ ሰውም በጎጃም የነበሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስብ። የዐይናቸውን ብርሃን ያጡ፥ ያውም የቅኔ ቤት የወንዶች ብቻ መስሎ በሚታይበት ዘመን ያደጉ ሴት ሲሆኑ፥ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፥ እርሳቸው ደግሞ በተራቸው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ሊቃውንት አስተምረዋል። ዐይን ያለው፥ መብራት ያለው፥ ወረቀት ያለው ሰው ጊዜ አጣሁ ሲል ሊያፍር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ነቀፋው ሁሉ በወጣቶች ላይ ቢወድቅ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከዲያቆኑ ይልቅ የሚወቀሱ ጉባኤውን የሚያዘጋጁና የክብር ወንበር የሚይዙ ታላላቆች ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ለንግግር ሰጥተው፥ የወጣቱን ደብተር ለመግለጥ አንዲት ሰዓት ያልመደቡ አዘጋጆች፥ እንግዳ ጠርቶ ውሃ እንኳ ሳያቀምስ የሚሰድ ባለቤትን ይመስላሉ። ከታላላቆቹም መካከል ሁለት ዐይነት ሰዎች አሉ። አንዱ ያላነበበውን መጽሐፍ ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ያላነበበውን መጽሐፍ ይንቃል። የመጀመሪያው ደግ፥ ሁለተኛው ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም አላነበቡምና በደላቸው አንድ ነው። በቅኔ ቤት ያለው መምህር ሊቈጣ ይችላል፤ ነገር ግን ሰምቶ ነው የሚቈጣው፤ ከተቈጣም በኋላ ያቃናል። ሳያቃኑ መቈጣት ትዕቢት ነው፤ ሳይሰሙ ማመስገን ደግሞ ውሸት ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፥ ትልቁም ጸሐፊ ቢሆን የትንሹ እርማት ያስፈልገዋል፤ ታላላቆቹ ራሳቸው የገዛ ጽሑፋቸውን በጉባኤው ፊት ለእርማት ቢያቀርቡ ኖሮ ወጣቱ ማፈሩን በተወ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉባኤ የሚሄድ ጸሐፊ ጋኑን እንዴት ይሙላ ቢሉ፥ ሥራው ግልጽ ነው። አስቀድሞ ይጸልይ፤ ነገር ግን ጸሎቱን የሥራ ምትክ አያድርገው። ጽሑፉን ይፈጽም፤ ትልቅ መጽሐፍ ሊፈጽም ባይችል አንድ ምዕራፍ፥ አንድ ምዕራፍ ባይችል አንድ ግጥም ይፈጽም። የተፈጸመ ትንሽ ነገር ሊታረም ይችላል፤ ያልተጀመረ ትልቅ ነገር ግን ሊወራ እንጂ ሊታረም አይችልም። ከዚያም ለሦስት ሰዎች ያስነብብ። አንዱ ቋንቋ ዐዋቂ ይሁን፥ ፊደሉንና አገባቡን ያይለታል። ሁለተኛው የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚያውቅ ይሁን፥ ከሃይማኖት መንገድ እንዳይወጣ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ሙያ የሌለው፥ ከገበያ ወይም ከእርሻ የተመለሰ ተራ ምእመን ይሁን፤ እርሱ የደከመበትና ያንቀላፋበት ቦታ የጽሑፉ ድካም ያለበት ቦታ ነው። የመጽሐፉን ዋና ነገር በአምስት መሥመር መናገር ይልመድ፤ በአምስት መሥመር ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ራሱ ገና አላወቀውም። በጉባኤው የሚያስተምሩትን ሰዎች መጻሕፍት አስቀድሞ ያንብብ፤ የሰውን ሥራ ሳያነቡ የሰውን ምክር መጠየቅ ሳይዘሩ ዐጨዳ መውጣት ነውና። የቸገረውንም ነገር ጥያቄ አድርጎ ጽፎ ይያዝ።

በጉባኤው ሳለ ከአፉ ይልቅ ጆሮውን ያሠራ። ሲታረም አይከራከር፤ ይጻፍ። እርማቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚመረምርበት ጊዜ በኋላ አለው። ከታወቀው ሰው ይልቅ ደብተሩን ይዞ በጥግ የተቀመጠውን ባልንጀራውን ይፈልግ፤ የእርሱን ያንብብለት፥ የራሱንም ያስነብበው። ከጉባኤ የሚገኘው ትልቁ ሀብት እውነቱን የሚነግር አንድ ወዳጅ ነው። ከአሳታሚ ጋር መገናኘቱም ነውር አይደለም፤ የሠራተኛ ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ዋጋው ሥራውን ይከተላል እንጂ ሥራውን አይቀድምም።

ከጉባኤው ሲመለስ ደግሞ ሥራው የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። የተነገረውን እርማት ሳያድር በተራ ይጻፍ። ከዚያ ጥቂት ቀን ይታገሥ፤ ያቈሰለው ቃል ቍስሉ ሲሽር እውነቱን ማየት ይቻላልና። ከዚያም እንደ ኤርምያስና እንደ ባሮክ ዐዲስ ጥቅልል ይውሰድ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እስኪበልጥ ድረስ ይጻፍ። ወደሚቀጥለው ጉባኤ ሲሄድም ያንኑ አሮጌ ግጥም ሳይሆን ዐዲስ ነገር ይዞ ይሂድ። እንዲህ የሚያደርግ ጸሐፊ የምስክር ወረቀት ባይሰጠው አይጐዳም፤ መጽሐፉ ምስክሩ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ጸሐፊው ክብር ብቻ የሚባል አይደለም። ከወር ገንዘቧ ቀንሳ መንፈሳዊ መጽሐፍ የምትገዛ እናት አለች። ልጆቿን የምታስተምረው ከዚያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱን ታወርሳለች፤ ጣዕም የሌለው እንደ ሆነ ልጆቿ መንፈሳዊ መጽሐፍ ሁሉ ጣዕም የለውም ብለው ይሸሻሉ። ከሸሹም በኋላ ስለ ምን ሸሹ ብሎ ወጣቱን መውቀስ ከንቱ ነው፤ ያቀረቡለትን ማዕድ አስቀድሞ መቅመስ ይገባ ነበር።

በቃና ሰርግ ወይኑን የቀመሰው አሳዳሪ ከወዴት እንደ መጣ አላወቀም ነበር፤ ውሃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ስማቸው አልተጻፈም፤ በክብር ወንበርም አልተቀመጡም። ነገር ግን በዚያ ቤት ከነበረው እንግዳ ሁሉ ይልቅ የተአምሩን ምሥጢር ያወቁ፥ ጋኖቹን እስከ አፋቸው የሞሉት ናቸው። የክርስቲያን ጸሐፊም ዕድል ይህ ነው። ውሃውን ይቅዳ፤ እስከ አፉ ይሙላ፤ ቀሪውን ውሃን ወይን ላደረገው ይተው። ለእርሱ ክብር ይሁን፤ አሜን።